ከሚካኤል በፊት የታጨደ ሣር

ንፋስ መውጫ የመኖ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ ከገበሬ ሁሉ ያስቸገሩኝ የገዛ አባቴ ናቸው። የመንደራችንን የወል ሣር የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ። ክረምቱን ከብት ዝር አይልበትም፤ ኅዳር ሚካኤል ሲያልፍ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ማጭዱን ይዞ ይገባል።

አምና ግን ሣሩ ቀኑ ሳይደርስ አርጅቶ ደረቀ። በየካቲት እርሻ የአባቴ በሬ ትልም መሃል ተኛባቸው። «ሆዱ እየሞላ ከሳ» አሉኝ። አንጀቴን በሉት። ዘንድሮም እንዲያ ከሆነ በሬውን ሸጠው በቀረው አንድ በሬ ከጎረቤት ጋር ሊቀናጁ ነበር፤ ይህ ለእሳቸው ሞት ነው።

ሙቀት ሲበረታ ሣር ቶሎ ያረጃል፤ አገዳው ይጠነክራል፣ ምግብነቱ ይወርዳል። ስለዚህ ነሐሴ ላይ ከሣሩ ዳር እንጨት ተክዬ ቴርሞሜትር አሰርኩበት። አባቴ የቄስ ትምህርት አላቸውና «ጧትና ማታ እያዩ ይጻፉልኝ፣ አደራ» አልኳቸው።

በጥቅምት ደብተሩን ብገልጥ ጧቱ ሁሉ ሙቅ ነው። ያውም ብርዳሙ ጉና ተራራ ሥር! እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ፤ ለመንደሩ ሽማግሌዎች «አጨዳው በሦስት ሳምንት ይቅደም» ብዬ አረፍኩ። በማግስቱ ቤት ብገባ ቴርሞሜትሩ ምድጃው አጠገብ ተንጠልጥሏል።

«አባባ፣ ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?»

«አደራ አላልሽኝም? ውርጭ እንዳይመታው ማታ ማታ አስገባዋለሁ።»

«ውርጩን እንዲለካ እኮ ነው ያሰርኩት!»

ጮኽኩባቸው፤ ወዲያው አፈርኩ። ቴርሞሜትሩን ወደ ቦታው መልሼ በየጧቱ ራሴ ለካሁ። ከመሥሪያ ቤታችን የቀደሙት ዓመታት መዝገብ ጋር ሳስተያየው ሙቀቱ በእርግጥ ጨምሯል፤ መቅደም ያለብን ግን በዐሥር ቀን ብቻ ነው። አሁን ማን ያምነኛል?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ከእኔ ቀድመው ተነሡ። «ጥፋቱ የኔ ነው። መለኪያውን እንደ ጥጃ ቤት አሳደርኩት» ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። «አሁን ግን ውጭ አድሯል። ‹በዐሥር ቀን ይቅደም› የምትለውን ልጄን አምናለሁ።»

«ሚካኤል ሳይደርስ?» አለ አንዱ።

«ቀኑን የቆረጡት አባቶቻችን ናቸው፤ ሚካኤል አይደለም» አሉ ቄሱ።

ሣሩ ገና አረንጓዴ ሳለ ታጨደ። በሦስተኛው ቀን ዝናብ አካፋ፤ ሣሩ ሊበሰብስ ነው። እየተሯሯጥን ከመርንና ዳነ።

የካቲት ላይ ማሳው ድረስ ሄጄ አየኋቸው። በሬው ጅራፍ ሳይነካው ትልሙን እየጨረሰ ይዞራል። ረፋዱ ላይ አባቴ እርፉን ለቀው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

«ዘንድሮስ» አሉኝ እያለከለኩ፣ ፊታቸው በሳቅ ተሞልቶ፣ «የደከምኩት እኔ ነኝ!»