የኪሮስ ሳንባ አበርገሌ ወረደ

ታናሽ ወንድሜን ኪሮስን ይዤ ከሰቆጣ ወደ ቆላው አበርገሌ የወረድሁት ሳንባው ሙቀት ይችል እንደሆነ ልንሞክር ነው። ሳንባው ላይ ካንሰር ተገኝቶበት አዲስ አበባ ያዩት ሐኪም፣ «ቀጭን መርፌ አስገብተን፣ ጫፉን አግለን፣ እብጠቱን ብቻ እናቃጥላለን» ብለውት ነበር። እሱ ግን ሳንባው አብሮ እንዳይነድ ፈርቶ «ልምከርበት» ብሎ አገሩ ገባ። እኔም መከርሁት። የደጋ በሬ ቆላ ሲወርድ መጀመሪያ ያለከልካል፣ ኋላ ይለምዳል። ሳንባስ ከበሬ በምን ይበልጣል?

ቁልቁለቱ

ጠዋት አይሱዙ ላይ፣ ከዘይት ጀሪካን ጋር ተጫንን። መንገዱ ድንጋይ ብቻ ነው፤ መኪናው ሲዘል ጀሪካኑ ከእኛ ቀድሞ ያርፋል። ነፋሱ እየሞቀ ሲመጣ እኔ ጋቢዬን አወለቅሁ፤ ኪሮስ አፉን ከፍቶ ትኩሱን አየር ይስባል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እያለማመድሁት።»

አበርገሌ

ያሳደሩን ወይዘሮ ለተብርሃን የሩቅ ዘመዳችን ናቸው። የማሽላ እንጀራና የፍየል ወተት አቀረቡልን። ጉዳያችንን ሲሰሙ፣ «እንግዲያ ሳንባችሁን ከጥላ አውጡት» ብለው ሳቁ።

በማግስቱ ፀሐዩ ሲበረታ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ወይዘሮዋ ፊቴ ላይ ውሃ ሲያፈሱ፣ ኪሮስ በባርኔጣው ሲያራግብልኝ ነው።

«ታማሚው የትኛው ነው ያላችሁኝ?» አሉ ሴትዮዋ።

ኪሮስን ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎት አላየሁትም። «ጋሼ፣ ያንተ ጤነኛው ተሸነፈ፣ የኔው ቻለ። በል አዲስ አበባ እንሂድ» አለኝ።

አዲስ አበባ

በወልድያና በደሴ አድርገን ገባን። ኪሮስ ለሐኪሙ፣ «አበርገሌ ወርጄ አለማምጄዋለሁ» አላቸው። ሐኪሙ እኔን አዩ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«አባቴ፣ ሳንባ መለማመድ አያስፈልገውም» አሉት ቀስ ብለው። «ወንድምዎ የለበሱት ጋቢ የሚያሞቀው ለምን ይመስልዎታል? በፈትሉ መካከል አየር ስላለ ሙቀት አያሳልፍም። ሳንባም አየር የሞላበት ነው፤ እብጠቱ ግን ድፍን ነው። ሙቀቱ እዚያው ታፍኖ ይቀራል። ዙሪያው ትንሽ ይጎዳል፣ የቀረው ይተርፋል።»

«ሌላ ችግር የለውም?» አልሁ።

«አለው እንጂ። መርፌው በበሳው በኩል ሳንባው አየር ሊያፈስ ይችላል። ያኔ አየሩን የሚያወጣ ቱቦ እናስገባለን።»

ኪሮስ ወደ እኔ ዞረ። «እንግዲህ አንተ በከንቱ ነው የወደቅኸው» አለኝ። ይህን ብሎ እየሳቀ ወደ ሕክምናው ክፍል ገባ።

እብጠቱ ተቃጠለለት፤ እንደተባለውም ሳንባው አየር አፈሰ። ቱቦ ገብቶለት፣ እያተኮሰውና እያሳለው ሰነበተ። ኋላ የተነሣው የሳንባው ፎቶ የተቃጠለውን ቦታ ከእብጠቱ ሰፋ አድርጎ ሲያሳይ እኔ ደነገጥሁ። ሐኪሙ ግን፣ «ጠባሳው ነው፣ ቀስ በቀስ ይኮማተራል። እየተመላለሳችሁ እናየዋለን» ብለው አሰናበቱን።

ሰቆጣ

ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጎረቤቱ ሁሉ «እሳቱን እንዴት ቻልኸው?» ሲለው ኪሮስ፣ «አበርገሌን አታውቁም እንዴ?» ይላል። ሳንባን ያተረፈው የያዘው አየር መሆኑን ተምሬ መጥቻለሁ፤ ኪሮስን ግን እሺ ያሰኘው ያ የአበርገሌ ድንጋይ ነው። ስለዚህ አላረምሁትም።

መንገድ ላይ ያለበስሁትን ጋቢዬን ኪሮስ አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለው።

«እንካ ጋሼ፣ ልበስ። ያንተ ሳንባ ገና አልለመደም።»