ከሸምሶ ጋር የበላው ሰው

መስቃን ውስጥ የሸምሶ እጅ ሳይነካው የቆመ ጎጆ አለ ቢሏችሁ እንዳታምኑ። ምሰሶውን ጠርቦ የሚያቆመው እሱ ነው። ወግ ነዋ፤ እንደ ሸምሶ ያለ ፉጋ፣ የእንጨት ጠራቢ ዘር፣ ካላቆመው ቤቱ አይባረክም። ቤቱ ከተባረከ በኋላ ግን ባራኪውን ወደ ደጅ ነው የሚሸኙት። ምሳውን በእንሰት ቅጠል ያቀርቡለትና በረቱ አጠገብ ይበላል፤ ሳህን እንዳይነካባቸው። ደግሞ እኮ ቀኑን ሙሉ ቲክቶክ ላይ ተጥደው የሚውሉ ሰዎች ናቸው።

ልጁ ሀጀራ "እንደ አባቴ በረት ለበረት አልዞርም" ብላ ቡታጅራ ከተማ ሻይ ቤት ተቀጠረች። ብርጭቆ ማጠብ እንደ ጀመረች አንድ ደንበኛ የማን ዘር እንደሆነች አወቀ። በማግስቱ ባለቤትየዋ "ሥራ ቀዝቅዟል" ብላ አሰናበተቻት። ሻይ ቤቱ ያን ቀን መቀመጫ ጠፍቶበት ነበር።

ይሄኔ ሰማን የሚባል ሰው ሸምሶ ቤት መጣ፤ ሽቶው ከሱ ቀድሞ የሚገባ ደላላ። "አሰላሙ ዓለይኩም" ብሎ ገባ፣ እጁን ታጠበ፣ ከሸምሶ ጋር ከአንድ ሳህን ቆጮ እየቆረሰ በላ። የሳዑዲ ማዳሞች ዘር እንደማይጠይቁ አወራ። ሸምሶ ወሬውን መች ሰማ፤ የሰውየውን አፍ ነው ሲያይ የነበረው። በሃምሳ ዓመቱ እንግዳ አብሮት ሲበላ የመጀመሪያው ነው። ሆዱ ባባ። "ከእኛ ጋር የበላ ሰው ክፉ አይሆንም" ብሎ ልጁን መርቆ ከሰማን ጋር ሸኛት።

ከጅቡቲ አንዴ ደወለች። "አባዬ፣ በጀልባ ልንሻገር ነው፤ ሰማን ጥሎን ጠፋ" አለች። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይሠራም።

ሸምሶ እንቅልፍ አጣ። ጎረቤቱና የእድሩ ዳኛ ሐጂ አብዱልሃፊዝ ለልጃቸው ቤት ያሠሩ ስለነበር፣ የምሰሶውን ጉድጓድ እየቆፈረ ጠየቃቸው።

"ሐጂ፣ ሰማን የሚባል ሰው ያውቃሉ?"

"ያ ሰው ሻጭ? የሃሊማን ልጅ በረሃ ላይ ጥሏት አልነበር? አምና እኮ እድር ላይ ተነጋግረን፣ ሴት ልጅ ያለው ሁሉ በሩን ዘጋበት።"

"የኔ በር ክፍት ነበር።"

ሐጂ ልጅቷ የት እንደሄደች ያን ጊዜ ገባቸው። "አንተ... እድር የለህማ፣ ሸምሶ" አሉ መሬት መሬቱን እያዩ።

ሸምሶ ዶማውን ጣለ።

"ቤታችን አጥር ለአጥር ነው፣ ሐጂ። በአጥሩ ላይ ቢጮሁልኝ ምን ይነካዎት ነበር? እኔ እኮ ልጄን መርቄ ነው የሰጠሁት።"