ከእጅ የቀደመች ማሽን

ነፋስ ስልክ ያለው የብረት ሥራ ወርክሾፕ ውስጥ የተቀጠርኩት ለኤሌክትሪክ ጥገና ነበር። ከኮሌጅ ከወጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ወርክሾፑ የበርና የመስኮት ማጠፊያ ያመርታል። ለቡ አካባቢ ቤት መሠራቱ ስላልቆመ ሥራ አይጠፋም። ሥራውን ከሟች ባላቸው የተረከቡት ሴትዮ ከስልጤ የመጡ፣ ድምፃቸው ከብረት መቁረጫው ጩኸት በላይ የሚሰማ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው።

ላሜራ የሚባለውን ስስ ብረት የሚቀርጸውን ትልቁን ፕሬስ የሚያሠሩት ጋሼ ነበሩ። ሃምሳን የተሻገሩ፣ ቱታቸው ሁልጊዜ የታጠበ፣ ጨዋታ የሚያውቁ ሰው። ግራ እጃቸው ላይ ሁለት ጣት የለም። በገባሁ በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ ዓይኔ እዚያው ሲያርፍ ያዙኝ።

«ጠይቂ፤ አይከፋኝም» አሉኝ።

«እንዴት ሆነ ጋሼ?»

«ድሮ ነው፣ ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ፕሬስ ላይ። ላሜራው ጠመመብኝና ላቃና እጄን ሰደድኩ። እግሬ ደግሞ ፔዳሉ ላይ ነበር።» እንጀራቸውን ጠቀለሉና «እጄና እግሬ አልተነጋገሩም» አሉ።

የፕሬስ ሥራ ቀላል ይመስላል። ላሜራውን ታስገባለህ፣ እጅህን ታወጣለህ፣ ፔዳሉን ትረግጣለህ፤ ከላይ ያለው ከባድ ብረት በዘይት ግፊት ወርዶ ላሜራውን ቅርጽ ያስይዘዋል። ይህን በቀን ብዙ መቶ ጊዜ መድገም ነው። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። እጅ የለመደውን ነገር ልብ ሳያዝዘው ይሠራል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ፕሬሱ የጋሼን የቱታ እጅጌ ያዘ። እጃቸው ወጥቷል፤ የእጅጌው ጫፍ ግን ከነቁልፉ ከላሜራው ጋር ተጨፍልቆ ቀረ። ጋሼ እጅጌያቸው እንደተያዘ ቀጥ ብለው ቆሙ። እትዬ ከቢሯቸው መጥተው ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ በገዛ እጃቸው አጠፉና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ፣ ኮምፒውተር ተምሬያለሁ አላልሽም?»

«ኤሌክትሪክ ነው የተማርኩት እትዬ። ኮምፒውተርም አለበት።»

«እንግዲያው ይቺ ማሽን እጅ ከላሜራ እንድትለይ አድርጊልኝ። እስከዚያ አትነሳም።»

«ኮምፒውተርን እዚህ ዘይት ውስጥ ምን ያደርጉታል?» አሉ ጋሼ። ቀልድ ሊያደርጉት ፈልገው ነበር፤ በሌላ እጃቸው ግን የተያዘውን እጅጌ ይጎትታሉ።

እዚያው ቆመን አስረዳኋቸው። ኮምፒውተር ሲባል ሰው የሚያስበው ጠረጴዛ ላይ ያለውን፣ ስክሪንና ኪቦርድ ያለውን ነው። ከዚያ በቁጥር እጅግ የሚበዙት ግን ዕቃ ውስጥ ተቀብረው የማይታዩት ናቸው። የልብስ ማጠቢያው ውስጥ አንድ አለ፤ ሊፍቱ ውስጥ አለ፤ የመብራት ቆጣሪው ውስጥ አለ። እያንዳንዱ አንድ ሥራ ብቻ ተሰጥቶት ዕድሜውን ሙሉ እሱኑ ይሠራል። ከመካከላቸው ደግሞ ጊዜ የማይጠብቃቸው አሉ። ስልክ አንድ ሥዕል ለመክፈት ቢዘገይ ሰው ይናደዳል እንጂ አይጎዳም። ፕሬስ ላይ የተቀመጠ ኮምፒውተር ግን ትክክለኛውን መልስ አዘግይቶ ቢሰጥ እንደተሳሳተ ይቆጠራል።

«ገባኝ» አሉ ጋሼ። «ጣት ከሄደ በኋላ ‹ቁም› ቢል ምን ሊረባኝ!»

በአሥራ አንድ ቀን ሠራሁት፤ ወይም የሠራሁት መሰለኝ። ከፕሬሱ ፊት ለፊት ግራና ቀኝ ሁለት የብረት ምሰሶ አቆምኩ። የግራው ዓይን የማያየው ብርሃን በመስመር በመስመር ይልካል፤ የቀኙ ይቀበላል። እጅ ከመስመሮቹ አንዷን ከከለለ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ኮምፒውተር፣ ቺፕ የምንላት፣ የዘይቱን መንገድ ወደሚከፍትና ወደሚዘጋው ቫልቭ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ትቆርጣለች፤ የሚወርደው ብረት ባለበት ይቆማል። በዚህ ላይ ማንም ያላዘዘኝን አንዲት ትንሽ ስክሪን ጨመርኩበት፤ በቀን ስንት ማጠፊያ እንደተመረተ ታሳያለች። እትዬን ላስደንቅበት ፈልጌ ነው።

የሙከራው ቀን እትዬ አንድ ኪሎ ካሮት ይዘው መጡ።

«በሰው ጣት አይሞከርም» አሉ።

ካሮቱን በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ እያሰርን፣ ብረቱ ሲወርድ ወደ ውስጥ መስደድ ጀመርን። የመጀመሪያው ላይ ብረቱ ከካሮቱ በላይ ቀጥ አለ። ሠራተኛው ሁሉ አጨበጨበ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ከአሥር በኋላ እኔ መሣሪያዬን መሰብሰብ ጀምሬ ነበር። አሥራ ሰባተኛው ካሮት ተጨፈለቀ።

ጋሼ የተጨፈለቀውን ካሮት ከላሜራው ላይ ፋቅ ፋቅ አድርገው አነሱና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«ይቺ የማን ጣት ናት?» አሉኝ።

እፍረቴን መሸፈን ፈልጌ «ከአሥራ ሰባት አሥራ ስድስቱን እኮ አድናለች» አልኩ።

«የእኔም ጣቶች ሃያ ዓመት ሙሉ ደህና ነበሩ» አሉ፤ ሳይቆጡ። «አንድ ቀን ብቻ ነው የተሳሳትኩት።»

ትምህርት ቤት የነገሩን ይኸው ነበር። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር የሚለካው ከአሥሩ ዘጠኙን ጊዜ በመፍጠኑ አይደለም፤ በጣም በዘገየበት ጊዜም እንኳ በቂ ፍጥነት ያለው መሆኑ ነው የሚጠየቀው። ለፈተና ሸምድጄው ነበር። የገባኝ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ያለችውን ካሮት ሳይ ነው።

በማግስቱ ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ቺፗ ሥራዋን በተራ ነው የምትሠራው፦ ብርሃኑን ታያለች፣ ማጠፊያውን ትቆጥራለች፣ ቁጥሩን ስክሪኗ ላይ ትጽፋለች፣ እንደገና ወደ ብርሃኑ ትመለሳለች። ጥፋቱ ያለው ከስክሪኗ ነበር። እዚያ ላይ መጻፍ ለሰው ዓይን የማይታይ ጊዜ ቢሆንም ለሚወርድ ብረት ግን ብዙ ነው። በዚያች ቅጽበት ቺፗ ብርሃኑን አታይም። አሥራ ሰባተኛው ካሮት የገባው ልክ ስትጽፍ ነው። ሙከራውን ደግሜ በስልኬ ቪዲዮ ቀርጬ አዘግይቼ ሳየው እውነት ሆኖ አገኘሁት፦ መጀመሪያ ቁጥሩ ተቀየረ፣ ከዚያ ብረቱ ቆመ። የጨመርኳት ጌጥ ናት ካሮቱን ያስበላችው።

ስክሪኗን ነቅዬ ጣልኳት። ያም ብቻ አልበቃኝም። ቺፗ ብርሃኑን እየሄደች እንዳትጠይቅ፣ ይልቁንም ብርሃኑ ራሱ ሲከለል እንዲጠራት፣ እሷም የያዘችውን ሁሉ ጥላ መጀመሪያ ቫልቩን እንድትዘጋ አድርጌ ጻፍኩት። ጋሼ ምን እንደቀየርኩ ሲጠይቁኝ ከሀና ማርያም የምመጣበትን ሚኒባስ ምሳሌ አደረግሁላቸው።

«ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ ሲጣራ ሳለ አንዱ ከኋላ ‹ወራጅ አለ!› ቢል ሾፌሩ ረዳቱ ተጣርቶ እስኪጨርስ ይጠብቃል?»

«አይጠብቅም። ይቆማል እንጂ።»

«የፊተኛው ፕሮግራሜ ይጠብቅ ነበር። የአሁኑ ይቆማል።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በሥራው ሁሉ ከተጠየቅሁት ጥያቄ ትልቁን ጠየቁኝ።

«ሾፌሩ ራሱስ ቢሞት?»

ቺፕ አንዳንዴ ይደርቃል፣ ባለበት ቆሞ ምንም አይሠራም፤ ልክ ስልክ እንደሚደርቀው። ያኔ ፕሬሱ ላይ የቆመ ጠባቂ የለም ማለት ነው፤ ሠራተኛው ደግሞ አለ ብሎ ይተማመናል። ይህ ከነጭራሹ ጠባቂ ከሌለው ይብሳል። አራት ቀን በዚሁ ላይ ዋልኩ። ከቺፗ የተለየ ሌላ ትንሽ ሰርኪት ሠራሁ፤ ሥራው ማዳመጥ ብቻ ነው። ቺፗ በሕይወት እንዳለች በሰኮንድ ብዙ ጊዜ እያንኳኳች ታሳውቀዋለች። ማንኳኳቱ አንድ ጊዜ ከዘለለ ማንንም ሳይጠይቅ ቫልቩን ይዘጋል። ጋሼን ጠራሁና ብረቱ እየወረደ ሳለ ቺፗን ከነእግሯ ነቀልኩ። ብረቱ አየር ላይ ቆመ። መብራት ሄዶ ሲመለስም ማሽኗ በራሷ እንዳትነሳ፣ ሰው አዝራሩን እስኪጫን እንድትጠብቅ አደረግኋት። ለዚህኛው እኔ ሙከራ አላዘጋጀሁም፤ የሰፈሩ መብራት ራሱ በዚያው ከሰዓት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሞከረልኝ።

አንድ ነገር ቀረ። ብረቱ ‹ቁም› ከተባለም በኋላ ትንሽ ይወርዳል። ያን ያህል ጊዜ ውስጥ እጅ ምን ያህል ሊገባ እንደሚችል ለካሁና ምሰሶዎቹን ከፕሬሱ አንድ ስንዝር ወደ ውጭ ሳብኳቸው፤ በዚያ ላይ አራት ጣት ለጥንቃቄ ጨመርኩ።

ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ካሮት ስንሰድ ዋልን። ከላይ፣ ከታች፣ ከጎን፣ በቀስታ፣ በድንገት። እትዬ የተረፈውን ለምሳችን እያሠሩልን፣ ሠራተኛው ሁሉ ካሮት ሰልችቶት፣ «ዓይናችን ጠርቶ ለቡን ከዚህ ማየት ጀመርን» ይባል ነበር። አንድም ካሮት አልተጨፈለቀም። በሦስተኛው ቀን ማብቂያ እትዬ «በቃ፣ ትነሳ» አሉ። ጋሼ «ቢስሚላህ በሉልን» አሏቸውና ራሳቸው ደግሞ አማትበው ፔዳሉን ረገጡ።

ማሽኗ አምስት ሳምንት ያለ ምንም እንከን ሠራች። እኔም ሌላ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ መሰላል ላይ ወጥቼ የጣሪያ አምፖል ስቀይር አንድ ቅዳሜ ከረፋዱ በኋላ የፕሬሱ ድምፅ ተቋረጠ። የለመድኩት ድምፅ አልነበረም። መሀል ላይ ነው የተቆረጠው። ወደ ታች ሳይ ጋሼ ቀኝ እጃቸው ወደ ፕሬሱ እንደተዘረጋ ቆመዋል። ላሜራው ጠሞ ነበር። እጃቸው ልብ ሳያዝዘው ሊያቃና ሄዷል፤ እግራቸውም ፔዳሉን ረግጧል። የሚወርደው ብረት ከእጃቸው በላይ፣ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

እጃቸውን ቀስ ብለው አወጡ። አገላብጠው አዩት። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠፍ ዘርጋ አደረጉ። እኔ መሰላሉን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።

«ጋሼ!»

«ቀደመችኝ» አሉ። ከዚያ ጮክ ብለው፣ ለመላው ወርክሾፕ፣ «ቀደመችኝ እኮ!»

እትዬ ከቢሮ ሮጠው ወጡና የሆነውን ሲያዩ እልልታቸውን አቀለጡት። ጎረቤት ያለው የእንጨት ሥራ ቤት ሰው ሁሉ ሠርግ መስሎት ወጣ። ጋሼ እጃቸውን ከፍ አድርገው ለመጣው ሁሉ ያሳያሉ፤ ምንም ያልሆነ እጅ ለማየት ያን ያህል ሰው ሲሰበሰብ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እኔ አንድ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ በደስታ አለቀስኩ። በሕይወቴ ብዙ ፈተና አልፌያለሁ፣ በማዕረግ ያለፍኩትም አለ። እንደዚያን ቀን ያለፍኩት ግን የለም።

ወሬው ሳምንት አልፈጀበትም። በሁለተኛው ወር ከጎረቤት ወርክሾፖች አንዱ ለፕሬሱ እንድንሠራለት ጠራን፤ ከዚያ ለቡ ያለ አንድ የቆርቆሮ ሥራ ቤት። ሁሉም ቦታ ከጋሼ ጋር ነው የምንሄደው። ምሰሶውን የት ማቆም እንዳለብኝ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ እጅ በየት በየት በኩል ሾልኮ ሊገባ እንደሚችል ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ለሠራተኛውም የሚያስረዱት እሳቸው ሆነዋል። ለቡ የሄድን ቀን አንድ ሠራተኛ ምሰሶዎቹን አይቶ «ይሄ ነገር ሥራ አያጓትትም?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ና፣ እዚህ ቁም» አሉት ጋሼ፤ መጥረጊያ እንጨት አስያዙትና ወደ ውስጥ እንዲሰድ ነገሩት። ብረቱ ቆመ። ሠራተኛው ሳቀና ሳይነገረው እንደገና ሞከረ። ከዚያ ጓደኞቹን ጠራ። ጋሼም ክንዳቸውን አጣጥፈው ሁሉም ተራ በተራ እስኪሞክር ድረስ በትዕግሥት ጠበቁ።