የአስረሳሽ የጾም አጥሚት

ቆቦ ቆላ ነው፣ ብርድ አያውቅም የሚል ሰው ታኅሣሥ ላይ ጎህ ሲቀድ መናኸሪያው በር ላይ ይቁምና ያውራ። ከዞብል በኩል የሚመጣው ንፋስ ጋቢ አይል ሹራብ አይል፣ ሰንጥቆ ነው የሚገባው። እኛ ደግሞ ሙቀት ያሳደገን ስለሆንን ብርድ ሲነካን እንደ እርጥብ ዶሮ ነው የምንኮማተረው። በዚያ ሰዓት ሰው ትኩስ ነገር ካገኘ ምን እንደሆነ አይጠይቅም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የነገሩ ሁሉ መነሻ እሱ ነው።

እኔ ኡሙሃኒ ነኝ። መናኸሪያው በር አጠገብ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። አፏ ክፉ ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። የማወራችሁ ግን ስለ አስረሳሽ ነው፤ ምድጃዋን ከስፌት መኪናዬ ጎን ጎልታ ለመንገደኛ አጥሚት ስለምትሸጠው ሴት። ከጎብዬ ተድራ የመጣች ናት። ጦርነቱ በትኖን ከርመን ስንመለስ ቤቷ ውስጥ ተርፎ የጠበቃት አንድ ድስትና አንድ ሙቀጫ ነበር፤ በዚያ ጀመረች። ስታወራ ድምጿ አይሰማም፣ ሰው አታማም፣ እኔ ሳማ እንኳ «ተይ ኡሜ» ብላኝ ትነሣለች። እንዴት እንደተዋደድን ለራሴም ይገርመኛል።

አጥሚት ስላችሁ ያን በቅቤ የሚንሳፈፈውን የአራስ አጥሚት እንዳታስቡ። የአስረሳሽ ሌላ ነው። ማሽላውን አጥባ፣ አድርቃ፣ አመስ አድርጋ ታስፈጨዋለች። ሱፉን ትቀቅልና ሙቀጫ ውስጥ እስኪልም ትወቅጠዋለች፤ ከዚያ በሞቀ ውሃ በጥብጣ በአቡጀዴ ጨርቅ ታጠልለዋለች። ጠብ የሚለው ውሃ ነጭ ነው፤ ላላወቀ ሰው ወተት ነው። ድስቱ ላይ ዝንጅብል ተቀጥቅጦ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ተጨምሮ ሲንተከተክ የማሽላውን ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣ ቀስ እያደረገች ታፈስበታለች። እያማሰለች፣ እያማሰለች፣ የሱፉን ውሃ ትጨምራለች። ሊወጣ ሲል ኮረሪማ። ሽታው አውቶቡስ ውስጥ የተኛውን ሁሉ ቀስቅሶ ያወርደዋል።

በሰርግም በለቅሶም የኛና የነሱ ድስት ለየብቻ ነው፤ የእርዱ ነገር አለ። የአስረሳሽ ድስት ግን ሥጋም ወተትም አይቶ ስለማያውቅ እስላሙም ክርስቲያኑም ከአንዱ ይጠጣ ነበር። በተለይ የገና ጾም ሲገባ ከትግራይ በኩል ወደ ላሊበላ የሚሄደው ተሳላሚ በዋጃ አድርጎ በኛ በር ነው የሚያልፈው። አንዱ በመኪና፣ አንዱ በእግሩ። ሁሉም መጥቶ አንድ ነገር ነው የሚጠይቃት፦ «የጾም ነው?» ይላታል። «የጾም ነው» ትላለች። በቃ። ድስቱን ከፍቶ የሚያይ የለም፣ የሚያሸት የለም። እሷ «የጾም ነው» ካለች የጾም ነው። አስረሳሽ በዚህ ዓለም ያላት ነገር ይህ ነበር፤ ቃሏ።

እሷ ራሷ ግን ጠዋት ጠዋት አትቀምሰውም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ በአፏ አይዞርም። ውፍረቱን በማማሰያው፣ ቅመሙን በአፍንጫዋ ነው የምታውቀው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደግሞ ድስቱ ታጥቦ ተደፍቷል፤ ቤቷ ገብታ ያገኘችውን ትቀምሳለች።

ዘንድሮ ጾሙ ሊገባ ሰሞን ከባጃጅ ስትወርድ ወደቀችና የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ወጌሻው አስሮ «መውቀጥ የሚባል ነገር እንዳታስቢ» አላት። እንግዲህ ሱፉን ማን ይውቀጥ? ባሏ አራጌ። ወይ ጉድ!

አራጌን ሳየው ምን እንደሚለኝ ልንገራችሁ፤ ይቀፈኛል። ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ገና ሲያገባትም ይቀፈኝ ነበር። ጥርሱን በክብሪት እንጨት እየጎረጎረ ያወራችኋል፤ ያወጣውንም አይቶ መልሶ ይውጠዋል። አጥሚቱን በጭልፋ ይጨልፍና ፉት ብሎ፣ ከንፈሩን አጣጥሞ፣ የተረፈውን ከነጭልፋው ድስቱ ውስጥ ይመልሰዋል። በዓይኔ አየሁ! «ምናለ በሲኒ ብትቀምስ?» ስለው «አይ ኡሙሃኒ፣ እሳት የማይገድለው ነገር የለም» አለኝና ሳቀ። ከዚያች ቀን ወዲህ ከዚያ ድስት ጠብታ በአፌ አልዞረም።

አስረሳሽን ግን «አንቺ እረፊ፣ እኔ በሌሊት ቀድሜሽ ሄጄ ሱፉን አዘጋጃለሁ» አላት። እሷም ደስ አላት፤ ባሌ ሰው ሆነልኝ ብላ። ዱቄቱንና ቅመሙን ይዛ ስትመጣ የሱፉ ውሃ በቢጫ ጀሪካን ሞልቶ ይጠብቃታል። በግራ እጇ እያማሰለች ትጨምረዋለች። ሰዉም በዛ! ድሮ የሚቀምሰው መንገደኛው ነበር፤ አሁን የከተማው ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ጎህ ሳይቀድ ይሰለፋል። ፊተኛው አያ ፈንታው ናቸው። የታወቁ ጿሚ ናቸው፤ በጾም ወቅት ሰው ፊት እንቁላል ከተጠራ አፋቸውን የሚጉመጠመጡ። ሲኒያቸውን ጨልጠው፣ የታቹን በጣታቸው ጠርገው ይልሱና «አስረሳሽ፣ ዘንድሮ እጅሽ ተባርኳል» ይሏታል። እሷ ታፍራለች። አራጌ ደረቱን ይነፋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ያው ሙቀታችን ተመልሶ በረንዳው ሲፋጅ፣ ማጥለያዋ ተተርትሮ እንደሆን ልጥቀመው ብዬ ከምስማሩ አወረድኩት። አቡጀዴውን ለዘንድሮ ጾም አዲስ አድርጌ የሰፋሁላት እኔ ነኝ። ሱፍ ያጠለለ ጨርቅ ምን እንደሚመስል ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ ይበልዛል፣ ገለባው ስፌቱ ውስጥ ይሰገሰግና ቢያጥቡት አይወጣም። ይሄኛው ንጹሕ ነው። የሰፋሁበት ክር እንኳ እንደ ነጣ ነው። ቆይ፣ ያ ሁሉ ነጭ ውሃ በምን ተጠለለ?

ዞር ብል ጀሪካኑ አግዳሚው ሥር ተወሽቋል። ክዳኑን ከፈትኩት። ምነው እጄን በቆረጠው! የጥጃ አፍ ሽታ፣ የጎመዘዘ ወተት ሽታ ፊቴን መታኝ። ባትሪ አብርቼ ባይ ታቹ ላይ እርጎ መሳይ ነገር ተጋግሮ አረንጓዴ ሻጋታ አብቅሏል። በዚህ ላይ ነው ለካ በየማለዳው አዲሱን የሚበጠብጥበት! ሳያጥብ! ሽታውን ቅርንፉዱና ኮረሪማው ይሸፍኑለታል! ከጀርባው ደግሞ የወተት ዱቄት ላስቲክ ተጨማዶ ተጨማዶ ተወትፏል። መኪናዬን ጥዬ ሮጬ ቦዩ ዳር አጎንብሼ ምሳዬን ሁሉ አወጣሁት። አላፊ አግዳሚው አረገዘች እንዴ ይለኛል። ድራሹ ይጥፋ!

ጀሪካኑን አንጠልጥዬ ቤታቸው ሄድኩ። አራጌ መደብ ላይ ተጋድሞ ነበር። አፍንጫው ሥር አቀረብኩለት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

አልደነገጠም እኮ! ዓይኑን በጨው ያጠበ። «ወተት ነዋ» አለ። «ምን አለበት? ያም ነጭ፣ ይህም ነጭ። በዚህ ብርድ ሌሊት ተነሥቶ ሱፍ የሚወቅጥ ማነው? ደግሞስ ሰዉ ወደደው አልወደደውም?»

አስረሳሽ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ትጮኻለች፣ ታለቅሳለች፣ በማማሰያው ትለዋለች ብዬ ጠበቅኩ። አንዱንም አላደረገችም። ቀስ ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለችና «እማሆይዋስ?» አለች።

«የትኛዋ?» አልኳት።

«ያቺ በእግሯ የመጣችው፣ እግሯ አብጦ ያየናት። አልጠጣችም እኮ ኡሜ። ለዘጠኝ ሰዓት ይሆነኛል ብላ በኮዳዋ አስቀድታ ነው የሄደችው። የጾም ነው ስላት ግንባሬን ስማኝ ሄደች። አሁን የት ብዬ ላግኛት?»

አንጀቴን በላችኝ። አራጌ ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? «እሷማ ጉልበት ሆኗት ደርሳለች!» ወላሂ እንዲህ አለ። ሰው ላይ ተፍቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ምራቄ አፌ ውስጥ ሞልቶ ነበር።

በማግስቱ አስረሳሽ ቀድማን ወጣች። እሱም ተከትሏት መጣ፤ ጀሪካኑን አለቅልቆ ሞልቶ፣ ያው ምንም እንዳልሆነ። ትላንትናውን ረስታዋለች ብሎ ነው መሰለኝ ራሱ ድስቱ ውስጥ ገለበጠው፣ ራሱ ቀዳ፤ እሷ ለካ ሰዉ እስኪሰበሰብ እየጠበቀች ነው። ሰዉ ሲኒ ሲኒውን ይዞ ሲቆም አስረሳሽ መሃላቸው ገባች። ያቺ ድምጿ የማይሰማው ሴት።

«ወገኖቼ» አለች፣ «አትጠጡት። የጾም አይደለም። ሱፍ መስሎኝ ወተት ሳጠጣችሁ ነው የከረምኩት። ይቅር በሉኝ።»

«ዝም በይ አንቺ!» አለ አራጌ በጥርሱ።

እኔ አሁን ሲኒው በያለበት ይወረወራል፣ አንዱ ያማትባል፣ አንዱ አራጌን አንገቱን ያንቀዋል ብዬ መቀነቴን አጥብቄ ቆሜያለሁ። ማንም አልተነቃነቀም። እርስ በርስ መተያየት ብቻ። አያ ፈንታው ሲኒያቸውን ወደ አፋቸው አነሡ። ጨለጡት። እሷ እያየቻቸው! የታቹን በጣታቸው ጠርገው ላሱና ሪዛቸውን ጠረጉ።

«እሱንማ ከመጀመሪያው ቀን አውቀነዋል» አሉ። «ሱፍና ወተት ይጠፋናል እንዴ ልጄ?»

አስረሳሽ ያልሰማች መስላ አየቻቸው። «አውቃችሁ ነው?»

«ብርድ ነው፤ ጣፈጠን። አንቺ ደግሞ የጾም ነው አልሽን። እኛ የጾም የተባለውን ጠጣን። ኃጢአቱ ካለም ባለቤቱ የሰጠን ሰው ነው።»

ከኋላቸው የቆመው ሁሉ አንገቱን ነቀነቀ። አስተግፊሩላህ! ይህን ሁሉ ማለዳ «እጅሽ ተባርኳል» ሲሏት ኃጢአታቸውን እየጫኗት ነበር። እያወቁ! ጀሪካኑ ያን ያህል አልከረፋኝም፣ እውነቴን ነው። የነሱ ብቻ ነው እንዳትሉኝ፤ የኛም አሉ፣ በረመዳን መጋረጃ ጋርደው ምሳቸውን ጎርሰው ለማፍጠሪያ ሲሆን ከንፈራቸውን እያደረቁ የሚመጡ። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ ሁሉም ያንገሸግሹኛል።

አስረሳሽ ድስቱን በግራ እጇና በክንዷ አቅፋ ቦዩ ውስጥ ደፋችው። አያ ፈንታው «አይ፣ እህል ይደፋል?» ብለው አዘኑ። ለአጥሚቱ ነው ያዘኑት።

ከዚያ አራጌ ምን አደረገ መሰላችሁ? ሌላ ድስት ተውሶ ከመናኸሪያው በር ወዲያ ማዶ ምድጃ ጎለተ። በቀጥታ ወተት! ዓይኑን ሳያሽ «የጾም! ትኩስ የጾም!» እያለ ይጣራል። ያ ሁሉ ጋቢ ለባሽ ሰልፉን ይዞ ወደሱ ተሻገረ፤ አያ ፈንታው ፊት ፊት። እሱ ያውቃል፣ እነሱ ያውቃሉ፣ እነሱ ማወቃቸውንም እሱ ያውቃል። እፍ! የሚጠሩበት ስም አጣሁላቸው።

እኔም ስፌቴን ከመጀመሬ በፊት ለአስረሳሽ ሱፍ መውቀጥ ያዝኩ። ጎህ ሳይቀድ ሙቀጫዋን ከጉልበቴ መሃል አድርጌ፣ እየተሳደብኩ። አቡጀዴው በለዘ፣ ገለባው ስፌቱ ውስጥ ገባ። አጥሚቱ እንደ ድሮው ሆነ፤ እንደ ድሮው የሚጠጣው ግን እኔና ሁለት ሦስት የመኪና ረዳት ብቻ።

አንድ ቀን ከአላማጣ የመጣ አውቶቡስ ቆመና ነጠላቸውን ያጣፉ፣ ቅዝቃዜው ከንፈራቸውን ያደረቀው ሽማግሌ ወረዱ። ወደ ማዶ ሊሻገሩ ብለው ሰልፉ በዛባቸው መሰለኝ ወደኛ ተመለሱ። አስረሳሽ በሲኒ ቀድታ ዘረጋችላቸው።

«የጾም ነው ልጄ?» አሏት።

አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከረች፤ አልሆነላትም፣ ዓይኗን ወደ ድስቱ ሰበረች። ሽማግሌው ፊቷን አይተው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«የጾም ነው አባባ!» አልኩ እኔ ከስፌት መኪናዬ ተነሥቼ። «ሱፍ ነው። ወላሂ የጾም ነው!»

ሂጃቤን አዩት። «አንቺ ደግሞ በምን አወቅሽ?»

«በምን አላውቅም? እጄ ውኃ እስኪቋጥር የወቀጥኩት እኔ አይደለሁ?» ብዬ መዳፌን ዘረጋሁላቸው።

መዳፌን አዩት፣ እሷን አዩ፣ አማተቡና ሲኒውን ተቀበሉ። አጥሚቱን ሁለት እጃቸውን አሙቀውበት እስኪጨርሱ ድረስ አስረሳሽ ቀና ብላ አላየቻቸውም።

እጇ ድኗል፤ ሱፉንም አሁን ራሷ ትወቅጣለች። መንገደኛ መጥቶ ሲጠይቃት ግን አሁንም ወደኔ ነው የምትዞረው። «የጾም ነው» የምለው እኔ ነኝ። እሷ ከዚያ ወዲህ ከአፏ አውጥታው አታውቅም።