ደህና ነኝ ያሉት መሪጌታ

ባለፈው ሳምንት ጡረታ የወጣን የጤና ሠራተኞች ደብረ ብርሃን ላይ ተሰባስበን ምሳ በላን። ክትፎው ጥሩ ነበር፤ ንግግሩ ረዘመ። የቀድሞ አለቃዬ አቶ ፈለቀ ተነሥተው፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሁለት መድኃኒት አቀናጅቶ በጀርባ ቱቦ መስጠትን ሆስፒታላችን ውስጥ ያስጀመሩት እሳቸው እንደሆኑ ተናገሩ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ከምሳው በኋላ የሱፍ ጓንቴን መልሼ አጥልቄ ስለነበር ድምፅ አልነበረውም።

ያ ሕክምና በተጀመረበት ጊዜ ከሰመመን ሰጪዎች ትምህርት ቤት ከወጣሁ ሁለት ወር አልሞላኝም። ወሩ ጥር ነው፤ ሣሩ ውርጭ ለብሶ የሚያድርበት፣ እኛም ከጋውናችን ሥር ሁለት ሹራብ የምንደርብበት። ነገሩ በሆነ ማግስት ጎረቤላ ለምትዳር የልብ ጓደኛዬ ሚዜ ነበርኩ። ቀሚሴ ተተኩሶ ተሰቅሏል።

የአንኮበር ሰው የሆኑ አንድ አዛውንት የዜማ መምህር፣ መሪጌታ፣ ለሐሞት ጠጠር ሆዳቸው ከተከፈተ አንድ ቀናቸው ነበር። አከርካሪያቸው ውስጥ በገባች ቀጭን ቱቦ ማደንዘዣ ይሰጣቸዋል። አቶ ፈለቀ ለጉብኝት መጡ።

"መሪጌታ፣ እንዴት አደሩ?"

"ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ሕመም የለም" ብለው ካርዱ ላይ ጻፉና አለፉ። ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ እንዲሁ ተጽፏል።

እኔ ግን ትንፋሻቸውን አየሁ። አጭር አጭር ነው፤ ሆዳቸውንም በእጃቸው ደግፈዋል። በደንብ ካልተነፈሱና ካላሳሉ አክታው ተጠራቅሞ የሳንባ ምች ይጥላቸዋል። በዚያ ዕድሜ ከዚያ የሚነሣው ጥቂት ነው።

"እስቲ ትንሽ ዜማ ያሰሙኝ" አልኳቸው።

ደስ ብሏቸው አየር ሳቡ። ወዲያው ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው፤ ድምፅ አልወጣም።

"ታዲያ ለምን ደህና ነኝ ይላሉ?"

"እንዴት አደርክ ሲሉኝ ማመስገን ነው እንጂ ልጄ! ያምሃል ወይ ያለኝ ማን አለ?"

ሚስታቸው ከእግርጌ ሆነው፣ "እሱን እንዳታምኚው። ቢሞትም ደህና ነኝ ነው የሚለው" አሉኝ።

አቶ ፈለቀ ዘንድ ሄድኩ። ማደንዘዣውን ብንጨምር የደም ግፊታቸው ይወርዳል፣ እግራቸውም ይደነዝዛል፤ እሱን ቀንሰን ጥቂት ሞርፊን ብናክልበት ሁለቱ ይረዳዳሉ አልኩ።

"አንቺ ልጅ፣ ሽሮ መሰለሽ ቅመም የምትጨምሪበት?"

"እንግዲያው ይምጡና ሲያስሉ ይዩዋቸው።"

መጡ፤ አዩ። መሪጌታ ለማሳል ሞክረው አልጋውን ጨብጠው ቀሩ። አቶ ፈለቀ ካርዱን አነሡ።

"ይሁን፤ መጠኑን እኔ አዝዝልሻለሁ። ግን ሞርፊን ትንፋሽ ሊያዘገይ ይችላል። እስከ ነገ ከሰዓት ከዚህ አልጋ ንቅንቅ ሳትይ ትንፋሻቸውን ትቆጥሪያለሽ።"

ሚዜ መሆኔን ያውቁ ነበር። ሁለት ሥራ የፈቱ ባልደረቦቼም እዚያው ሻይ እየጠጡ ነበር።

ተቀመጥኩ። እየቆጠርኩ፣ የመሪጌታ ሚስት በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን የገብስ ቆሎ እየቆረጠምኩ። ሕመሙ ለቀቃቸው፤ በምትኩ ግን መሪጌታ አፍንጫቸውን ያኩ ጀመር።

"ልጄ፣ ይሄ መድኃኒትሽ አፍንጫ ያሳክካል።"

"ያደርጋል፤ አይስጉ። ሆድዎስ?"

"ሆዴንማ ረስቼዋለሁ።"

በማግስቱ፣ ጎረቤላ ላይ ሙሽራዋ ስትታጀብ፣ መሪጌታ ቁጭ ብለው አሳሉ። ደግመው አሳሉ። ከዚያ ዜማቸውን ለቀቁት! የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ተደግፋ ቆመች፤ የጎን አልጋው በሽተኛ ተነሥቶ ካልቆምኩ አለ። ሳቄ ከእንባዬ ተደባለቀ። አቶ ፈለቀ በበሩ ብቅ ብለው፣ "አየሽ፣ ሐሳቤ ሠራ" አሉና ካርዱ ላይ ፈረሙ።

ጓደኛዬ ከሚዜነቱ መቅረቴን እስካሁን ይቅር አላለችኝም። እኔም አቶ ፈለቀን።

ከዚያ ወዲያ ግን ጡረታ እስክወጣ ድረስ የማንንም "ደህና" ተቀብዬ ካርድ ላይ አልጻፍኩም። እያንዳንዱን በሽተኛ "እስቲ ያስሉ" እል ነበር፤ ተማሪዎቼም ይህንኑ ይዘው ወጡ። ባለፈው ወር የታመመች ጎረቤቴን ልጠይቅ ሆስፒታል ብገባ፣ አንዲት የማላውቃት ወጣት ነርስ አልጋዋ ላይ ጎንበስ ብላ፣ "እማማ፣ ደህናውን ይተዉትና እስቲ ያስሉ" ስትላት ሰማሁ። ከማን እንደተማረችው አልጠየቅኋትም። አቶ ፈለቀ መድኃኒቱን ይውሰዱት፤ "እስቲ ያስሉ" ግን የእኔ ናት።