የወንድሜ መቅኔና የስንዴ ንፍሮ

እናቴ የሁሩታ ልጅ ናት። ስንዴ ሰው ያሳምማል ማለት ለእሷ አገሯን መስደብ ነበር። በልጅነቴ ሆዴ እየተነፋ እጅ እግሬ እየከሳ ሲሄድ፣ የአዳማ ጎረቤት ሁሉ ሊጠይቀኝ የሚመጣው ዳቦ ይዞ ነው፤ እናቴም ያበረታታል ብላ በሶ ትበጠብጥልኛለች። ሲያጎርሱኝ «በሞቴ» ይላሉ፤ በሞቴ ተብሎ ደግሞ እንቢ አይባልም። እንዲህ እያልኩ በሚወዱኝ ሰዎች እጅ ላልቅ ነበር።

በኋላ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ስንዴና ገብስ እንዳልቀምስ ከለከለኝ። እናቴ ሳቀችበት። ብዙም ሳይቆይ ፊቴ ሲሞላ ግን ሳቋን ትታ ዘብ ሆነችብኝ። ቀበሌ የሚያድለው የስንዴ ዱቄት ለቤተሰቡ፣ በመከራ የሚገኘው ጤፍ ለእኔ ሆነ። ታላቅ ወንድሜ ዳቦ ካልበላ የበላ የማይመስለው ሰው ነበር። መቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲያስጭን ውሎ ሲመጣ ዳቦ ገዝቶ ይገባል፤ ከዚያ ፊቴ ቁጭ ብሎ፣ ለማንም የማይሰጠውን ቅርፊት እያንኮሻኮሸ ያስቀናኛል። አናዳጅ ነበር።

ትምህርቴን እንደጨረስኩ ሌላ ጣጣ መጣ፤ መቅኔዬ ደም መሥራት አቆመ። የሐኪሞች ቦርድ ወደ ምሥራቅ ጀርመን እንድላክ ወሰነ። ከእኔ ጋር የሚገጥመው የወንድሜ መቅኔ ስለነበር እሱም አብሮኝ ሄደ። ከዳሌው አጥንት ቀድተው ለእኔ ሰጡኝ። እስክድን ያየሁትን ስቃይ አላወራም። ልንመለስ ስንል ወንድሜ ሐኪሙን በአስተርጓሚ የጠየቀው ስለ ዳቦ ነው። ሐኪሙም ከስንዴ ጋር የሚጣላው ሰውነቴን ከበሽታ የሚጠብቀው ዘበኛ መሆኑን፣ ዘበኛው አሁን የመጣው ከወንድሜ ስለሆነ ጠቡ ቀርቶ ሊሆን እንደሚችል ነገረን። እርግጠኛ ግን አልነበረም፤ ያለ ሐኪም እንዳልሞክረው አስጠነቀቀኝ።

ወንድሜ የሰማው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። አዳማ ከገባን ጀምሮ ዳቦ በገዛ ቁጥር ያን ስስታም የሚሆንበትን ቅርፊት ቆርሶ ያቀርብልኛል። «የእኔ መቅኔ ዳቦ ለምዷል፣ በረሃብ ልትፈጂብኝ ነው ወይ?» እያለ ያሾፍብኛል። እናቴ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብላ ትቆጣዋለች። እኔም ፈራሁ፤ ከሞት አፍ ወጥቼ ለዳቦ ብዬ ልመለስ? ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ጊዜ እያልኩ መለስኩት።

ከዚያ ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። መቅኔ የሰጠ ሰው ነኝ ቢላቸው፣ አጥንትህ ካለ ይበቃል ብለው ቀለዱበት። ወደ ሰሜን ሄደ። በዓመቱ መርዶው መጣ።

ለቅሶ ቤት ንፍሮ አይቀርም። ጎረቤቶች የስንዴ ንፍሮ በሰፌድ ሲያዞሩ፣ ነገሬን ስለሚያውቁ እኔን ዘለሉኝ። ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። ለገዛ ወንድሜ ለቅሶ የተቀቀለ ንፍሮ እንዴት ያልፈኛል? እጄን ሰድጄ ዘገንኩ። እናቴ ከልቅሶዋ ቀና ብላ አየችኝ።

«ተይ ልጄ፣ አንቺ ደግሞ እንዳትሄጂብኝ» አለችኝ።

«እሱ ነው የሚበላው እማዬ» አልኳት።

በላሁ። ሆዴን ሳዳምጥ መሸ፤ ነጋ። በማግስቱም ዘገንኩ። ሆዴ ዝም አለ። ቆይተው የመረመሩኝ ሐኪሞች፣ ለሁሉም ሰው እንዲህ እንደማይሆንና ለእኔ ግን እንደሆነልኝ ነገሩኝ። ልክ ነበርክ ብዬ የምነግረው ወንድሜ ግን አልነበረም፤ ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለቀስተኛው ተበትኖ ቤቱ ለእኔና ለእናቴ ከቀረ በኋላ፣ አንድ ቀን እናቴ ዳቦ ገዝታ መጣች። ቆረሰችና ፊቴ አስቀመጠችልኝ። ቅርፊቱን ነበር።