ሁሉም ደወሌን ሲከተሉ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ለማያውቁኝ አንባቢ መናገር ስለቀለለኝ ነው መሰል ዛሬ የምጽፈው።

ዩኒቨርሲቲ ገና መግባቴ ነበር። ኤርሚያስ፣ በምንኖርበት የውጭ አገር ከተማ፣ ሴንት ጄምስ ታውን በሚባል ሰፈር አንድ ሕንጻ ውስጥ አብረን የምንኖር ልጅ ነው፤ ወደ ከበሮ ቡድኑም ያስገባኝ እሱ ነው። ዶና ሉሲያ የሚባሉ አሮጊት ፓርክዴል በሚባል ሌላ ሰፈር፣ ከመሬት በታች ባለ አዳራሽ፣ የብራዚል ጥቁሮችን የከበሮ ምት ያስተምራሉ። እሱ ትልቁን ከበሮ፣ እኔ አጎጎ የሚሉትን ሁለት አፍ ያለው የብረት ደወል እንመታለን። "ቄሰ ገበዟ፣ ደወሉን አደራ!" እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

የዚያ አዳራሽ ሕግ አንድ ነው፤ ምቱ ከደወሉ ጋር የተጋጨበት ሰው፣ የተሳሳተው እሱ ነው። ደወሉ አይጠየቅም።

ቡድኑ ላዘጋጀው ኮንሰርት ሰው በሚመረጥበት ቅዳሜ ከሰዓት ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄደና አንድ ምት ዘለልኩ። ወዲያው አወቅኩት። ማቆም ነበረብኝ፤ አላቆምኩም። ለምን? ዶና ሉሲያ ፈገግ ብለው እያዩኝ ስለነበር ነው።

ከዚያ የሆነው እስካሁን ያስፈራኛል። ሃያ ሰው፣ አንድም ቃል ሳይወጣ፣ ወደ እኔ ስሕተት ዞረ። ዘፋኞቹ ዞሩ። የጨፋሪዎቹ እግር በአንድ ጊዜ ተቀየረ። ፊታቸው የተኛ ሰው ፊት ነበር። በትክክለኛው ቦታ የቀረው ኤርሚያስ ብቻ ነው። ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ መታ፣ መታ።

ዶና ሉሲያ እጃቸውን አነሡ።

"ኤርሚያስ፣ ደወሉ አይሰማህም?"

"ይሰማኛል። የዘለለችው እሷ ናት።"

ሁሉም ሳቁ። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞሩ። "ዘለልሽ እንዴ?"

"ኧረ አልዘለልኩም" አልኩ።

የኤርሚያስ የኮንሰርት ቦታ ለሌላ ተሰጠ። እሱም ከዚያ ወዲያ ወደ ልምምድ አልመጣም።

ልምምዱን በስልኬ ቀድቼው ነበርና በማግስቱ ብቻዬን ሰማሁት። ስሕተቴ ግልጽ ነው። ከሥሩ ግን፣ ድምፁ ቀጥኖ፣ ሌላ ደወል በትክክለኛው ቦታ ይመታል። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ደወል አንድ ነው፤ እሱም በእጄ ነበር። ሦስት ጊዜ ሰማሁት፤ ከዚያ አጠፋሁት። ፈርቼ ነው ልበል? አዎ፣ ፈርቻለሁ። ያጠፋሁት ግን ለኤርሚያስ ስለሚመሰክር ነው።

ኮንሰርቱ ላይ እኔ መታሁ። ተጨበጨበልኝም።

አሁን ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ "እንዴት ነሽ?" ይለኛል፣ ስሜን ሳይጠራ። ልጅ ነበርኩ አልልም። አውቄ ነው የዋሸሁት። ይቅርታንም ከእርስዎ አልለምንም፤ የሚሰጠው እሱ ነው። የሚኖረው ከእኔ ሦስት ፎቅ ከፍ ብሎ ነው፤ እስከ ዛሬ በሩን አላንኳኳሁም።